ሹሩባችን በእነሱ ላይ አይመስክር

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ማዕከላት ኃላፊዎች፤ ለአማርኛ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አዘጋጆች፤ ሠራተኛ ቀጥራችሁ ለምታሠሩ የምግብ ቤትና የሱቅ ባለቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ሹሩባና ስለ ጥቁር አሜሪካውያን እህቶቻችን



ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ፤ እንጀራዬ ሹሩባ ነው። ነጭ ሴቶች ሹሩባ ሲሠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ለምን ይቆጣሉ? የባህል ነጠቃ የሚሉት ነገርስ እውነት አለው ወይ? ይህ ክርክር አንዲት ዝነኛ ሴት ፎቶዋን በለቀቀች ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል። ሲነሣም እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ቡና ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ አንዳንዴም በሬዲዮ። እኔ ቤት ደግሞ ካስክ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

ከወገኖቼ አፍ የምሰማው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው «የእነሱ ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚል ነው። ሁለተኛው ይብሳል፦ «ሹሩባ እኮ ከጥንትም የኛ ነው። እነሱ የት ያውቁትና ነው? እኛ ባለቤቶቹ ዝም ብለን እነሱ ምን አገባቸው?» ይህን ሁለተኛውን ከእኛ የሰሙ ሰዎች ወስደው ይጠቀሙበታል። አንዲት ነጭ ደንበኛዬ ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ ልትሄድ ስትል ሹሩባ ልትሠራ መጥታ፣ ገና ፀጉሯን ሳልከፍለው፣ «አንቺ ኢትዮጵያዊት ነሽ፤ ከአንቺ ከተሠራሁ ማንም ሊናገረኝ አይችልም፣ አይደል?» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ያስባላትን ግን አውቀዋለሁ፤ ከእኛው ሰዎች የሰማችው ነው። እጄ ሹሩባ እንደሚሠራ፣ ፈቃድ ግን እንደማይሰጥ ነገርኳት።

እኔ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ሹሩባችንን ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ምስክር አድርገን ማቆም እንተው። ለምን እንደምለምን ላስረዳ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ከፋሽን አይደለም። በ1786 ሉዊዚያና ገና በስፔን እጅ ሳለች፣ አገረ ገዢው ኤስተባን ሚሮ ነፃ የሆኑ ጥቁርና ክልስ ሴቶች ፀጉራቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ በዐዋጅ አስገደደ። ፀጉራቸውን በጌጥ እየሠሩ ሲወጡ ከነጭ ወይዛዝርት በልጠው ታዩ ተብሎ ነው። ሴቶቹ ዐዋጁን አከበሩ፤ ነገር ግን ባማረ ጨርቅ፣ ባማረ አጠማጠም አከበሩት። የጥቁር ሴት ፀጉር በዚህ ምድር የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ የቆየው ይህን ያህል ዘመን ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ሁላችሁም ልታውቁት የሚገባ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። በ1979 «10» የተባለ ፊልም ወጣ። ቦ ዴሪክ የተባለች ነጭ ተዋናይት ጫፉ በዶቃ ያጌጠ ሹሩባ ተሠርታ በባሕር ዳርቻ ስትሮጥ የምትታይበት ፊልም ነው። ዓለም ጉድ አለ። መጽሔቶች ፎቶዋን አወጡ፤ ፀጉር ቤቶች ውድ ዋጋ እየጠየቁ ያንኑ ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። ያ ሹሩባ ከዚያ በፊት በየጥቁር ሰፈሩ፣ በእናትና በአያት ጉልበት መካከል፣ በነፃ ሲሠራ የኖረ ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1980፣ ሬኔ ሮጀርስ የተባለች የአሜሪካን ኤርላይንስ ሠራተኛ ፀጉሯን በሙሉ ሹሩባ ተሠርታ ሥራ ገባች። ሥራዋ ከመንገደኞች ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነበር። የአየር መንገዱ ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለ ሹሩባ ይከለክላል። ሬኔ ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰች፦ ይህ አሠራር በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ታሪክ ውስጥ ሥር ያለው ነው፤ እኔንም በጥቁርነቴና በሴትነቴ የሚነካ ክልከላ ነው አለች። ፍርዱ በ1981 ተሰጠ። ዳኛው ክሱን ከጣሉባቸው ምክንያቶች አንዱን ስሙልኝ፤ ከሳሿ ይህን ፀጉር የተሠራችው አንዲት ነጭ ተዋናይት በፊልም ላይ ተሠርታው ዝነኛ ካደረገችው በኋላ ነው የሚል ነው። የጥቁር ሴት ሹሩባ የራሷ አለመሆኑ የተመሰከረው በነጭ ተዋናይት ፊልም ነው።

በዚያም አላበቃም። ፍርዱ አፍሮ በተፈጥሮ የሚበቅል ስለሆነ ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችል እንደነበር፣ ሹሩባ ግን በእጅ የተሠራ፣ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር መሆኑን ያትታል። «በቀላሉ»! ሹሩባ የሚሠራ ሰው ይህን ቃል ሲያነብ ጣቱን ያመዋል። አየር መንገዱ ደግሞ አንድ ማስታረቂያ አቅርቦ ነበር፤ በሥራ ሰዓት ሹሩባዋን ወደ ኋላ ጠቅልላ፣ ላዩ ላይ አርቲፊሻል ፀጉር እንድትደርብበት ነው። ሬኔ ይህን ሳደርግ ከባድ ራስ ምታት ይይዘኛል ብላ ተናገረች። ፍርዱ የሰጣት መልስ ሰፋ ያለ አርቲፊሻል ፀጉር ቢሆን ይሻላል የሚል ነበር። የራሷን ፀጉር በሌላ ፀጉር ደብቃ፣ ራሷን እያመማት፣ ለመንገደኛ ፈገግ እንድትል ማለት ነው።

እንግዲህ የባህል ነጠቃ ሲባል እኔ የሚገባኝ ይህ ነው። አንዲት ሴት የሌላ ሕዝብ ጌጥ ወዳ ስላደረገች ብቻ ነጠቃ አልለውም። ያው ሹሩባ አንዷ ራስ ላይ ሲሆን ፋሽን ተብሎ ገንዘብ የሚያመጣ፣ ሌላዋ ራስ ላይ ሲሆን ከሥራ የሚያስወጣ ሲሆን፣ ከዚያም አልፎ የአንዷ ፋሽን የሌላዋ መርቻ ማስረጃ ሆኖ መዝገብ ላይ ሲገባ ግን ሌላ ስም አላገኝለትም። ጥቁር አሜሪካዊት ሴት በ2018 ኪም ካርዳሺያን ሹሩባ ተሠርታ «የቦ ዴሪክ ሹሩባ» ብላ በጠራችው ጊዜ የተቆጣችው ለፎቶ ብላ አይደለም። ያንን ስም ስትሰማ ያ ፍርድ ትዝ ይላታል፤ እናቷ ትዝ ትላታለች።

«ሩቅ ነው፣ ኒውዮርክ ነው» ለምትሉኝ ወደ ሰፈራችን ላምጣው። በ1987 ቨርጂኒያ ውስጥ ክሪስታል ሲቲ በሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል፣ ሹሩባ የተሠራች ጥቁር ሠራተኛ ፍቺ ተብላ እምቢ በማለቷ ሥራዋን አጣች። ክሪስታል ሲቲን የማያውቅ ሐበሻ በዚህ አካባቢ የለም። ስንቶቻችን ነን በእነዚያ ሆቴሎች አልጋ አንጥፈን፣ ሻንጣ ተሸክመን፣ ልጆች ያሳደግነው! ያን ጊዜ እንዲህ ላሉ ሴቶች የቆሙት እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ «ኮርንሮውስ ኤንድ ካምፓኒ» የተባለውን የሹሩባ ቤት የከፈቱት ፓሜላ ፌረልና ባለቤቷ ታሊብ ዲን ኡቅዳህ ናቸው። ባልና ሚስቱ ራሳቸው ከከተማዋ ጋር ሙግት ገጥመው ነበር። ሹሩባ ብቻ የሚሠራን ሰው፣ ሹሩባ በማያስተምር የውበት ትምህርት ቤት ገብተህ ካልጨረስክ ብሎ የሚቀጣውን ደንብ ተከራክረው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አስለወጡት። ቨርጂኒያም በ2012 ሹሩባ ለመሥራት ብቻ ፈቃድ መጠየቅ አቆመች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሳሎኗ ቁጭ ብላ ሹሩባ እየሠራች ልጆቿን የምታስተምር እናት ካለች፣ እንጀራዋ ላይ እንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ አለበት። እኔ ይህን ሳውቅ የፓሜላ ፌረልን ስም ለሠራተኞቼ ሁሉ ነግሬያለሁ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። በ2010 አላባማ ውስጥ ቻስቲቲ ጆንስ የተባለች ሴት ሥራ አግኝታ፣ ድሬድሽን ካልቆረጥሽ አንቀጥርሽም ተባለች፤ አልቆርጥም አለች፤ ሥራው ቀረ። የፌዴራሉ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2016 ቀጣሪውን ደገፈ። በ2014 የአሜሪካ ጦር ጥቁር ሴት ወታደሮች የሚሠሯቸውን አያሌ የፀጉር ዓይነቶች የሚከለክል ደንብ አውጥቶ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በዚያው ዓመት አሻሻለው፤ ድሬድን የፈቀደው በ2017 ነው። ለአገሯ ልትሞት የተዘጋጀች ሴት ፀጉሯ አላማረም ተባለች ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሕጉ የመጣው። እርግጥ ዋሽንግተን ዲሲ በ1977 ባወጣችው የሰብአዊ መብት ሕግ ሰውን በመልክና በአለባበስ፣ በፀጉር አሠራሩ ጭምር ማግለልን ቀድማ ከልክላ ነበር። በሐምሌ 2019 ካሊፎርኒያ ፀጉርን በግልጽ የሚጠብቅ «ክራውን አክት» የሚባለውን ሕግ ከክልሎች ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከካውንቲዎች የመጀመሪያው ሆኖ ተመሳሳይ ሕግ ያጸደቀው ማን ይመስላችኋል? ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚውሉበት፣ እኔና ብዙዎቻችሁ ግብር የምንከፍልበት ካውንቲ። የቨርጂኒያ ሕግ ከሐምሌ 2020፣ የሜሪላንድ ከጥቅምት 2020 ጀምሮ ይሠራል። ሹሩባ፣ ድሬድ፣ ጥምዝምዝ፣ ተፈጥሮው የሆነ ከርዳዳ ፀጉር፣ እነዚህን ምክንያት አድርጎ ሰው ከሥራም ከትምህርትም ማግለል በዘር እንደማግለል ይቆጠራል። ለመላው አገር የሚሆን ሕግ ግን በ2022 በተወካዮች ምክር ቤት ቢያልፍም ሴኔት ላይ ቀርቷል።

ይህን ሕግ ለማምጣት እኛ አልተሰለፍንም። ለእኛም ግን ይሠራል። ልጄን «ሹሩባሽን ፍቺ» የሚላት ርእሰ መምህር ቢመጣ የምይዘው ወረቀት፣ ሬኔ ሮጀርስ ተሸንፋ፣ ቻስቲቲ ጆንስ ሥራ አጥታ የተገኘ ነው። ታዲያ እንዴት ብለን ነው ከዚህ በኋላ «እኛን አይመለከተንም» የምንለው?

ያው 2019 ሌላም ነገር ያስታውሰኛል። በመጋቢት ወር ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም፣ በ1868 መቅደላ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ አስከሬን ተቆርጦ የተወሰደውን ፀጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። የሬዲዮ ዝግጅቶቻችሁ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። የደወለው ሁሉ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሚናገረው። «ቁራጭ ፀጉር ምን ያደርጋል?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም። ፀጉር የሰው ክብር መሆኑን፣ የተሸነፈን ሰው ፀጉር ወስዶ ማሳያ ማድረግ ውርደት መሆኑን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥቁር አሜሪካዊት እህታችን ስለ ፀጉሯ ስትናገር ግን ይህን እውቀታችንን የት አድርገነው ነው የምናዳምጣት?

አሁን ከራሴ ወንበር የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት ወጣት ለእህቷ መልስ ቅዳሜ ጠዋት ሹሩባ ሠራሁላት። ከፊት ቀጭን፣ ወደ መሐል እየወፈረ የሚሄድ፣ ከኋላ የሚበተን፣ አልባሶ የሚሉት ዓይነት ነው። ጊዜ ይወስዳል። መስመሩ ከተጣመመ ሁሉ ነገር ስለሚበላሽ በማበጠሪያው ጭራ እየሰነጠቅሁ፣ ቅባት እየነካሁ፣ ከግንባሯ አንሥቼ እስከ መሐል ራሷ ያለውን ስጨርስ ወገቤ አልነበረም። እናቷ አይታ እልል አለች። እሁድ ማታ በር ልዘጋ ስል ልጅቷ መጣች። «እትዬ፣ ፍቺልኝ» አለች። ሰኞ ጠዋት ከወንዙ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። በስልክ ያነጋገረቻት ሴት «ፀጉር ንጹሕና የተስተካከለ መሆን አለበት፤ ሹሩባ ባይሆን ይመረጣል» ብላታለች።

አስቀመጥኳትና ሕጉን ነገርኳት። ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ማለት እንደማይፈቀድላቸው አስረዳኋት። ሰምታ አታውቅም። እናቷም፣ አብረዋት የመጡት አክስቷም አያውቁም። ሦስቱም ለረጅም ዓመታት እዚህ የኖሩ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ፣ መኪናቸው ውስጥ የአማርኛ ሬዲዮ የማይዘጋ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ አዳመጠችኝና «እትዬ፣ ገና ሳልቀጠር ክስ ልጀምር? ሥራውን እፈልገዋለሁ» አለች። ምን እላታለሁ? ቤት ኪራይ ያለባት ልጅ ናት። የማበጠሪያውን ጭራ በየጉንጉኑ ጫፍ እየሰደድኩ አንድ በአንድ ፈታሁት። ተፈትቶ ሲያልቅ ፀጉሯ ቆሞ፣ ተጨማድዶ ነበርና ታጠበ፣ ፎን ተደረገ፣ ከዚያ ፒያስትራ። ጭሱ ሲነሣ ዓይኗን ጨፈነች። የእህቷ ሠርግ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ሥራውን አገኘች፤ ዛሬም እዚያው ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሹሩባ የምትሠራው ለዕረፍት ስትወጣ ብቻ ነው።

ይህ የሆነው በነጮች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ቃል በፍቅር ተቀበሉኝ። ግድግዳችሁ ላይ ሹሩባ የተሠራች፣ ጀበና የያዘች ቆንጆ ሥዕል አለ። የሠርግ አዳራሹ ማስታወቂያም እሷው ናት፤ የቡና ካርቶኑም እሷው ናት። ከሥዕሉ ሥር የምትላላከው አስተናጋጅ ግን «ዛሬ ፈረንጅ ይበዛል፣ ፀጉርሽን ተተኮሺ» ትባላለች። ይህን ከአንድ ቤት አስተናጋጅ ብቻ አይደለም የሰማሁት። ሥዕሏ ገንዘብ ታመጣለች፤ ሴትዮዋ ግን ፀጉሯን ትደብቃለች። ነጮቹን የምንከሳቸው በምንድን ነበር?

አንድ ተቃውሞ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል፤ ከልቤ ልመልስለት። «ጥቁር ሴቶችስ ፀጉራቸውን ሉጫ ያደርጉ የለም ወይ? እሱስ ነጠቃ አይደለም?» ይሉኛል። በ2016 ዲዛይነሩ ማርክ ጄኮብስ ኒውዮርክ ላይ ባብዛኛው ነጭ የሆኑ ሞዴሎችን በደማቅ ቀለም ድሬድ አሰልፎ ሲወቀስ የመለሰው ይህንኑ ነበር፤ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። መልሱ ግን በብዙዎች አፍ ቀርቷል። ልዩነቱ እኮ ግልጽ ነው። ነጯ ሹሩባ የምትሠራው ስላማራት ነው፤ ስትሰለች ትፈታዋለች፤ ብትፈታውም ባትፈታውም ደመወዟ አይነካም። ጥቁሯ ፀጉሯን የምትተኩሰው እንድትቀጠር፣ ትምህርት ቤት እንድትገባ፣ ባንክ ቤት ገብታ ብድር ስትጠይቅ ሰው እንድትመስል ነው። ይህን ፍላጎት ማለት ይከብደኛል፤ ዋጋ ነው።

ዋጋውም ከሥራና ከገንዘብ አልፎ አካል ላይ ይደርሳል። በ2022 የወጣ፣ ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጥናት፣ ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል ተጠቅመው የማያውቁ ሴቶች እስከ 70 ዓመታቸው በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ ሲሆን፣ አዘውትረው የሚጠቀሙት ግን 4.05 በመቶ እንደሚሆን ገምቷል። ጥናቱ ኬሚካሉ ካንሰሩን አመጣ ብሎ አልደመደመም፤ ተያያዥነቱን ነው ያሳየው። ከተጠቃሚዎቹ ውስጥ 60 በመቶ ገደማ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እኔ ሪላክሰር በገዛ እጄ የምቀባ ባለሙያ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ስጽፍ የምጽፈው ስለ ማን እንደሆነ በስም አውቃለሁ። ዞማ ፀጉር እያልን ስናሞግስ፣ ከርዳዳ እያልን ልጅ ፊት ስናፌዝ፣ ያንን ዋጋ እኛም እያስከፈልን ነው።

ታዲያ ነጭ ሴት ሹሩባ አትሠራ ልትይ ነው? አልልም። ከእኛ ልጅ ጋር ተጋብታ፣ አማቷ እጇን ይዛ ያመጣቻትን ሙሽራ ለመልሷ ሹሩባ ስሠራላት በደስታ ነው። ከሴቶቹ ጋር ስትውል፣ ሲያማት «ጥርስሽን ንከሺ» ተብላ ስትስቅ፣ ሹሩባው የሚመጣበትን ቤት ገብታበታለች፤ ቤተሰብ ሆናለች። ያቺን ደንበኛዬንም ወደ ባሕር ዳርቻ የምትሄደውን አላባረርኳትም። ሠራሁላት። ነገር ግን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ጥቁር የሥራ ባልደረባዋ «ሹሩባሽ ለደንበኛ አይመጥንም» ብትባል አጠገቧ ትቆም እንደሆነ ጠየቅኋት። አላሰበችበትም ነበር፤ ማሰብ ጀመረች። ከእሷ የምፈልገው ይህን ነው። ቂሜ ያለው ሌሎቹ ላይ ነው፤ ሹሩባውን ወስዶ አዲስ ስም የሚያወጣለት መጽሔት ላይ፣ መድረክ ላይ አውጥቶ ለሠሪዋ የማይከፍል፣ ስሟንም የማይጠራ ዲዛይነር ላይ።

በ2020 ኮም ደ ጋርሶን የተባለው የጃፓን ፋሽን ቤት ፓሪስ ላይ ነጭ ወንድ ሞዴሎችን የሹሩባ ዊግ አድርጎ አሳየ፤ ፀጉሩን ያዘጋጀው ባለሙያ ሲወቀስ መነሻዬ የጥንት ግብፅ ልዑል ነው አለ። አያችሁ? ጥንታዊ አፍሪካ ሁልጊዜ ለሰበብ ትፈለጋለች። ግብፅ፣ አክሱም፣ ሙሚያና ሐውልት ይጠራል፤ አጠገቡ ያለችው፣ ትናንት በዚያው ፀጉር ከሥራ የተባረረችው ጥቁር ሴት ግን እንዳልሰማ ትታለፋለች። እኛ «ሹሩባ የኛ ነው» ስንል የምናቀብላቸው ሰበብ ይኸው ነው። የኛስ ነው፤ ማን ይክዳል? የእናቴ ጣት ያስተማረኝ ነው። ግን የምዕራብ አፍሪካ እናቶችም ጣት አላቸው፤ በመርከብ ተጭነው፣ ፀጉራቸው ተላጭቶ፣ እዚህ መጥተው እንደገና ያበቀሉትና የጎነጎኑት ሴቶችም የራሳቸው አድርገውታል። በዚህ አገር ሹሩባ ክብር እንዲያገኝ በፍርድ ቤት የተሟገቱት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ከየአንዳንዳችሁ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የማኅበረሰብ ማዕከላት፣ ስለ ግብር አከፋፈል፣ ስለ ዜግነት ፈተና እንደምታስተምሩት ሁሉ የፀጉሩን ሕግ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ አስተምሩ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚኖር ሰው ለካውንቲው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት እንደሚችል ይወቅ። ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የሚመጡ ልጆች ስለ እቴጌ ጣይቱ ሲማሩ ስለ ሬኔ ሮጀርስም ይማሩ። የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ዝነኛ ሹሩባ ተሠርታ ክርክር ሲነሣ እርስ በርሳችን ብቻ አንነጋገር፤ ዋሽንግተን ውስጥ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ የጨረሱ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች አሉ፤ ጋብዟቸው፤ ተርጓሚ እኔ እሆናለሁ። የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለሠራተኞቻችሁ የምትሰጡትን ደንብ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡት። ስለ ፀጉር የሚለውን መስመር እዩ፤ ደንቡ ባይጻፍም በአፍ የምትሉትን አስቡ። ንጽሕና ጠይቁ፤ ፀጉር ምግብ ውስጥ እንዳይገባ ሻሽ ወይም መረብ ይደረግ በሉ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን። ከዚያ ያለፈውን ሰርዙት፤ ሕጉም አይፈቅድላችሁም።

የዲሲን፣ የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ሕግ ዋና ዋና ሐሳብ በአማርኛ አንድ ገጽ ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ። ጠበቃ የሆነ ወገን አይቶ ቢያርምልኝ ወጪውን ችዬ አሳትሜ፣ በየፀጉር ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። ሰኞ ሰኞ ቤቴ ለደንበኛ ዝግ ነው፤ እኔ ግን አለሁ። መጥታችሁ ብታነጋግሩኝ ቡና አፈላለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የሹሩባ ባለሙያ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ